የብርቄ መርዶ

ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረው፤ የሚያውቁኝ የጎንደር ሰዎች ይህን ሲያነቡ "ዘህራ ናት እንዲህ የምታለቅሰው?" ብለው መገረማቸው አይቀርም። የተወለድኩት አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። አባቴ ሱቅ እንድቀመጥለት ይፈልግ ነበር። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ ስጮህበት አይቶ ግን "አንችስ ሂጅና ሜዳ ላይ ጩኺ" አለኝ። ያለው አልቀረም፤ የስፖርት መምህርት ሆንኩ።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት አንድ ክፍል አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱንና ወላጆቻቸው ከየሰፈሩና ከየገጠሩ የሚያመጧቸውን ወጣቶች ሰብስቤ ሩጫ አሰለጥናለሁ። መንገደኛው ቆም ብሎ ያየንና "እነዚህን ደግሞ ምን ያስሮጣቸዋል?" ይላል። ያኔ ነው አባቴ የመረቀልኝ ጩኸት የሚጠቅመኝ።

ከልጆቼ መካከል በሩጫ የሚስተካከላት የሌላት ብርቄ ናት። ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው የኮሶዬ ልጅ። ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ ይዘዋት የሚመጡት እናቷ እትዬ ደብሬ ነበሩ። እትዬ ደብሬ ልጄ ትድንልኛለች ብለው፣ ኮሶዬ ሳይደረስ በጎንደር በኩል ከመንገዱ በታች ያለ አንድ የሚካኤል ጠበል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲያመላልሷት የኖሩ ሴት ናቸው። በኋላ እሷን ማስጠመቁን ትተው ለገዛ ወገባቸው መጠመቅ ጀመሩ። ብርቄም በዚያው ሥራ አገኘች፤ እናቷ ሲጠመቁ ደረቅ ልብሳቸውን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ላሾፍባቸው ብዬ "ለብርቄ ጠበሉ ይሻላል ወይስ ሜዳው?" ብላቸው፣

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። ሁለቱም ጋ ፊቷ ይፈካል። ሸጋ ነው" አሉኝ።

ብርቄን ለማሰልጠን ትልቁ ፈተና ሰው ወዳድነቷ ነበር። በአንድ ውድድር እየመራች ስትመጣ የኮሶዬ ሰው "ብርቄ!" ብሎ ቢጠራት፣ ቆማ፣ እጁን ጨብጣ፣ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ብላ ጠይቃ፣ መጨረሻ ወጣች። የዚያን ቀን እኔ ተቃጠልኩ፤ እናቷ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሜ አስጠናኋት፤ ሩጫ ከጀመርሽ ቢጠሩሽም፣ ቁሚ ቢሉሽም፣ የምትሄጅበት ሳትደርሽ አትቁሚ። ልጆቹን መንገድ ዳር አስቁሜ "ብርቄ! ብርቄ ቁሚ!" እያስባልኩ አለማመድኳት። ለመደችው። እጇን አውለብልባ ታልፋቸው ጀመር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ባሕር ዳር ለሚደረግ ውድድር ስንዘጋጅ ልጆቹ ሳምንቱን ትምህርት ቤት አደሩ። ለሴቶቹ አንዱን ክፍል አጽድተን ፍራሽ አነጠፍንላቸው። ብርቄ አመሻሽ ላይ በእኔ ስልክ ከእናቷ ጋር ታወራለች። ረቡዕ ስንደውል ስልኩ አልተነሳም። ሐሙስ አንስቶ ያነጋገረን ወንድሟ ሞላ ነው። ድምፁ ታፍኗል። ምነው ብለው ጉንፋን ነው አለኝ። ስልኩን ለብርቄ ሰጠኋት።

"እማዬስ?" አለች። ሰማችውና ፊቷ ተለወጠ። "ጠበል? ያለ እኔ?"

ሞላ ሌላ ነገር አላት። ስልኩን መለሰችልኝና "ልብሷን ማን ይይዝላታል?" አለችኝ።

"ሰው አይጠፋም፤ ይመለሳሉ" አልኳት። እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነው፤ እትዬ ደብሬ ጠበል መሄዳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ብርቄ ግን ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ለጓደኛዋ ለሃና "ያለ እኔ፣ ያለ እኔ" ስትል ሰምቻት ነበር።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ለልምምድ ላስነሳቸው ብገባ የብርቄ ፍራሽ ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤቱን፣ ሜዳውን፣ ከክፍሎቹ ጀርባ ያለውን ሁሉ ፈለግኩ። ዘበኛውን ብጠይቀው ለሶምሶማ ነው ብሎ በሩን ከፍቶላታል። ሌላ ቀን ቢሆን መዓት ባወረድኩበት ነበር፤ ወደ ልጆቹ ተመለስኩ። ልጆቹ በሙሉ ይንጫጫሉ። ሃና ብቻ ጫማዋን እያሰረች ነው።

"ሃና፣ ብርቄን አይተሻል?"

"አዎ። ጠበል ሄደች። ጋቢዋን ይዛ።"

"ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝማ" አለች።

ጋቢው ለብርድ ብለው እናቷ ያስያዟት ነው። ስልኬን አውጥቼ ለሞላ ደወልኩ።

"ሞላ፣ እናትህ ያሉት ያ የሚካኤሉ ጠበል ነው? ብርቄ ወደዚያ ሄዳለች።"

ከሞላ ጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ሞላ!"

"ጠበል አይደለችም" አለ። "እማማ አርፋለች። ረቡዕ ቀበርናት።"

ሞላ እንደነገረኝ እትዬ ደብሬ ድንች ማሳ ውስጥ ጎንበስ እንዳሉ "ደረቴን" ብለው ወደቁ። ለሐኪም የሚሆን ጊዜ አልነበረም፤ የወደቁትም የተቀበሩትም በአንድ ቀን ነው።

"ለብርቄስ?" አልኩት።

"ምን ብለን እናርዳት? አይገባትም እኮ ቲቸር። ቢገባትም ትታመምብናለች። ዘመድ ተማክሮበት ነው። ጠበል ናት፣ ጠበል ናት እያልን ቀስ በቀስ ትረሳታለች። አደራሽን፣ ስታገኚያት እንዳትነግሪያት።"

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰውየው ማታ እህል መቅመሱ ተጠይቆ፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ሲወድቅ የሚይዙት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አረብ አገር ላለች ልጅ እንኳ ብቻዋን እንዳትሰማ ጓደኛ ተፈልጎ ነው የሚነገራት። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነን፤ የተጣላ ወንድም እንኳ መርዶው አይቀርበትም። ለብርቄ ግን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ መርዶ አያስፈልጋትም ብሎ ፈረደ። እነሱም ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ናቸውና በስልክ ምን ልበል? ልጆቹን ለሥራ ባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ።

በዚያ ሰሞን በጸጥታው ችግር ወደ ጠበሉና ወደ ኮሶዬ የሚወስደው የደባርቅ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ዓርብ ዝግ ነበር። የያዝኩት ባጃጅ ከከተማው መውጫ ወለቃ ድረስ አደረሰኝና "ከዚህ በላይ አልሄድም እህቴ" አለኝ። መንገዱ ጭር ብሏል። ሽቅብ ስሄድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከፊት ኬላ አለ። ኬላው ላይ የታጠቁ ሰዎች አሉ። እነሱ ቁሚ ይላሉ፤ ብርቄ አትቆምም። ያ አላህ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

መሮጥ ጀመርኩ። አሰልጣኝ ነኝ እንጂ ሩጫ ከተውኩ ቆይቷል፤ ጎኔን እየወጋኝ፣ ሂጃቤ እየተፈታ፣ ባለፍኩበት ሁሉ ደም ያለ እየመሰለኝ አስፋልቱን እያየሁ ሮጥኩ። ተኩስ ቢኖር ይሰማ ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ደግሞ ወዲያው ገደሉ ድምፅ ይውጣል እላለሁ።

ኬላው ጋ ስደርስ እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ ነው። አንድ ጎልማሳ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

"አንዲት ልጅ አልፋለች? ቢጫ ቱታ የለበሰች፣ ጋቢ የያዘች?" አልኩት።

"ያንችው ናት እንዴ?" አለና ተነሳ። "ቁሚ ብንላት እጇን አውለብልባልን አለፈች። ይህ ልጅ" አለ ወደ ባልደረባው እየጠቆመ፣ "አነጣጥሮባት ነበር።"

"እና?"

"የሚሸሽ ሰው እጁን አያውለበልብም ብዬ አፈሙዙን መታሁበት። ምነው ግን ብቻዋን ለቀቃችኋት?"

መንገድ ዳር ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። ሰውየው ውሃ ሰጠኝ። ከላይ የወረደ አንድ ባለሞተር አስቁሞ "እስከ ጠበሉ መውረጃ አድርሳት" ብሎ አዘዘልኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከመንገዱ ወደ ጠበሉ በእግር ነው የሚወረደው። ቁልቁል ስወርድ ከሩቅ ቢጫ ቱታዋ ታየኝ። ተጠማቂው ከጠበሉ አጥር በአንድ በር ይገባል፣ በሌላው ርጥብ ልብሱን እየጨመቀ ይወጣል። ብርቄ በመውጫው በር ቆማለች። ጋቢውን አጣጥፋ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ሴት በወጣች ቁጥር አንገቷን ሰግጋ ፊቷን ታያለች፤ ሳትሆን ስትቀር ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

አያ ተገኘ የሚባሉ የጠበሉ አስተናጋጅ፣ ከልጅነቷ የሚያውቋት ሽማግሌ፣ አዩኝና ወደ እኔ መጡ።

"አሰልጣኟ ነሽ?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከጠዋት ጀምራ እንዲህ ናት። የእናቷን ሰምተናል። ቁርስ ቅመሺ ብላት እማዬ ሳትወጣ አልበላም አለች። እኔ መናገሩ አልሆነልኝም፤ ዘመድ አይደለሁ።"

"እኔስ አያ፣ ምኗ ነኝ? ከዘመዷም ከሃይማኖቷም አይደለሁ። ወንድሟ ደግሞ አትንገሪያት ብሎኛል።"

ሽማግሌው ወደ ብርቄ አዩ። "አይንገሯት ካሉም እሽ። ግን እስከ መቸ ነው እዚህ የምትቆመው? ነገም ትመጣለች እኮ ልጄ። አንችን ትሰማሻለች።"

ጠጋ አልኳት። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"ቲቸር! ማንም ሲጠራኝ አልቆምኩም። እማዬ ግን አልወጣችም።"

እግዚአብሔርም አላህም ይመስክሩ፣ በዚያች ደቂቃ መዋሸት እንዴት ቀላል እንደነበር። ደባርቅ ሄደዋል፣ ባሕር ዳር ይጠብቁሻል፤ ማንኛውንም ብላት ታምነኝ ነበር። መጀመሪያ አያ ተገኘ ያመጡትን ዳቦ አስቀመስኳት። ከዚያ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና እጆቿን ያዝኩ። ሽማግሌው ሳልጠራቸው መጥተው በሌላው ጎኗ ቆሙ።

"ብርቄ፣ ከባድ ነገር ልነግርሽ ነው። እማዬ ሞታለች።"

ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ድገሚልኝ ማለቷ ነው።

"እማዬ ሞታለች። ረቡዕ ዕለት ደረቷን አመማትና ሞተች።"

"እንደ አባዬ?"

"እንደ አባዬ።"

"አፈር ውስጥ?"

"አዎ፣ አፈር ውስጥ።"

ወደ በሩ ዞረች። አንዲት ሴት እየተንቀጠቀጠች ትወጣ ነበር። እስክታልፍ አየቻት።

"እማዬ በዚህ አትወጣም?"

"አትወጣም ብርቄ።"

ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን ታስተካክል ጀመር። ከዚያ ቀና ሳትል "ተለቀሰላት?" አለችኝ።

"አዎ። አገር ሙሉ አልቅሶላታል።"

"እኔስ?"

መልሱን ራሷ ሰጠችው። ተነሳችና "እማዬን!" ብላ ጮኸች። እንደ ሕፃን ያለ ለቅሶ አልነበረም። እናቷ በየለቅሶ ቤቱ ይዘዋት ሲዞሩ ያየችውን፣ ደረት መምታቱን፣ የሟችን ስም እየጠሩ ማልቀሱን፣ ሁሉን ታውቀዋለች። "ደብሬ! የኔ እናት ደብሬ! ልብስሽን ማን ያዘው!" ትላለች። ርጥብ ልብስ የለበሱት ሴቶች፣ የራሳቸው ሕመም ይዟቸው የመጡ የማታውቃቸው ሴቶች፣ አንድ በአንድ መጥተው ከበቧት። የብርቄን እናት አይተው የማያውቁ ሰዎች የየራሳቸውን ሟች እያሰቡ አለቀሱ። እኔ የአዲስ ዓለሟ ዘህራ መሬት ላይ ተቀምጬ አብሬ አለቀስኩ። ለቅሶው ሲበርድ አያ ተገኘ ጎንበስ ብለው "እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሏት።

"አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች ብርቄ፤ ማንም ሳያስተምራት።

ከዚያ ኮሶዬ ድረስ በእግር ሄድን። ቀኑ ሠልስት ነበርና ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። ብርቄ ከደጅ ጀምራ እያለቀሰች ስትገባ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ሞላ ከመቀመጫው ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ቲቸር፣ አደራ ብዬሽ አልነበረም?" አለኝ።

"ጠበል ሄደህ ካየሃት በኋላ ተቆጣኝ" አልኩት።

ሞላ የእህቱን ክንድ ያዘ። "ነይ፣ ጓዳ ግቢ፣ ደክሞሻል" አላት።

ብርቄ አልተነቃነቀችም። "ጠበል ሄጄ ጠበቅኋት፣ ሞላ" አለችው። ቁጣ የለበትም፤ የሆነውን ብቻ ነው የነገረችው። "ብዙ ጠበቅኋት።"

ሞላ ቀብር ሲያስቆፍር፣ ድንኳን ሲያስተክል፣ ሰው ሲቀበል ሦስት ቀን የቆመ ሰው ነው። እዚያው እህቱ እግር ሥር ቁጭ አለና ፊቱን በለበሰው ጋቢ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች። ሰዎቹ እየተነሱ "እግዜር ያጥናሽ" አሏት፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ከኋላዬ አንዲት አክስት "ነገ እኮ ትረሳዋለች፣ ምን አደከማችኋት" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባሕር ዳር አልሄደችም። ቡድኑን የሚመዘግበው ሰውዬ ደውሎ ምን ሆና ነው ሲለኝ "ሐዘን ላይ ናት" አልኩት። "ይገባታል እንዴ? ሩጫው እኮ ያስረሳት ነበር" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ብርቄ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ጥቁር ለብሳ፣ የእናቷ አርባ እስኪወጣ እንደማንኛዋም ልጅ ቤቷ ተቀመጠች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉ ሸጋ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ብርቄ ወደ ሜዳ ከተመለሰች በኋላ አንዳንድ ቅዳሜ ልምምዱን አቋርጣ ትመጣና "እማዬ ሞታለች አይደል?" ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። እንደ አዲስ ታለቅሳለች፤ እኔም እንደ አዲስ እሰማለሁ። ይህን የሚያዩ ሰዎች "አላልንሽም? ባትነግሪያት ይሻል ነበር" ይሉኛል። እኔ የማውቀው ያንን መውጫ በር ነው። መርዶውን ሳትረዳ ብትቀር ኖሮ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ጋቢ ታቅፋ ትቆም ነበር። ቤታችሁ ውስጥ "አይገባውም" የምትሉት ሰው ካለ፣ ያልገባው ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ መርምሩ።

ወሬው በወላጆቹ ዘንድ ተሰማ። አንድ ቅዳሜ የአንዱ ሯጬ እናት ልምምዱ እስኪያልቅ ጠብቀው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "ቲቸር ዘህራ" አሉኝ፣ "እኔ የሞትኩ ለት ለልጄ መርዶውን አንች ንገሪልኝ። ሌላ ሰው አላምንም።" ከእሳቸው በኋላ ሌላዋ መጡ፤ ከዚያም ሌላዋ። የራሴ ልጅ ሳይኖረኝ የብዙ እናት አደራ ተሸካሚ ሆንኩ። ሩጫ ላስተምር ነበር የገባሁት።

የመጀመሪያዋ እናት በዚህ ሰሞን ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ዘመዶቻቸው ለልጁ እናትህ ገበያ ናት ብለውታል። ዛሬ ልምምድ መጥቶ ደህና ሮጠ። ሲጨርስ አጠገቤ አስቀመጥኩትና እናቱ በጣም እንደታመሙ፣ ላይድኑም እንደሚችሉ በግልጽ ነገርኩት። ተነስቶ ጫማውን ጠበቅ አድርጎ አሰረና "ሳትሞት ልያት" አለኝ። ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን።